ያውቁ ኖሯል? የእንግሊዝኛ ቃል በጆሮ ሲከፈል

በአገራችን ተማሪ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ሂሳቡንም ሳይንሱንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ረጅም ቃል ባየ ቁጥር የሚደናገጥ ከሆነ፣ የሚያቆመው የትምህርቱ ክብደት ሳይሆን ቃሉ ነው። መፍትሔው ግን ቅርብ ነው፤ ቃሉን መከፋፈል። ቃል ሲነገር የሚከፈልበትን ቁራጭ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሲላብል፣ የእኛ የቋንቋ ምሁራን ደግሞ ቀለም ይሉታል። ቀለም በአንድ አናባቢ ድምፅ ዙሪያ የተሰበሰበ፣ አፍ አንዴ ተከፍቶ የሚያወጣው የድምፅ ክፍል ነው። የዛሬው ዓምዳችን አደራ አንድ ነው፦ የእንግሊዝኛን ቃል በዓይን ፊደል በፊደል ከመልቀምዎ በፊት በጆሮ ይክፈሉት። ፊደላቱን በስማቸው ስለምንጠራ፣ ኤ የመጀመሪያው፣ ኢ አምስተኛው፣ አይ ዘጠነኛው መሆናቸውን ልብ ይበሉ።

ቆጠራው በጆሮ ነው

◆ የአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ቀለም የሚቆጠረው በሚሰሙት አናባቢ ድምፆች እንጂ በሚታዩት አናባቢ ፊደላት እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? ሜክ (መሥራት) ሲጻፍ ኤ እና ኢ አሉበት። የሚሰማው አናባቢ ግን አንድ ስለሆነ ቀለሙም አንድ ነው።

◆ ቀለም ለመቁጠር መሣሪያ አያስፈልግም። መዳፍዎን ከአገጭዎ ሥር ያድርጉና ባናና ይበሉ። አገጭዎ ሦስት ጊዜ ይወርዳል፤ ባ–ና–ና፣ ሦስት ቀለም። የአንደኛ ደረጃ መምህራን ልጆችን በጭብጨባ የሚያስቆጥሩትም ይህንኑ ነው።

◆ ኪው (ሰልፍ) የሚለው ቃል ኪው፣ ዩ፣ ኢ፣ ዩ፣ ኢ ተብሎ በአምስት ፊደላት ይጻፋል። አራቱ አናባቢ ፊደላት ናቸው፤ ቀለሙ ግን አንድ ብቻ ነው። በአንጻሩ አይዲያ (ሐሳብ) በአራት ፊደላት ተጽፎ ሦስት ቀለም አለው።

◆ ስትሬንግዝስ (ጥንካሬዎች) ዘጠኝ ፊደላት ያሉት፣ በመካከላቸው አንዲት አናባቢ ፊደል ብቻ የተቀመጠችበት ባለ አንድ ቀለም ቃል ነው። የአማርኛ ተናጋሪ አፍ ሦስት ወይም አራት ቀለም ሊያደርገው ይቃጣዋል።

◆ ከእንግሊዝኛ 26 ፊደላት ውስጥ ስሙ ከአንድ ቀለም በላይ የሆነው ደብሊው ብቻ ነው፤ ሦስት ቀለም አለው። ስለዚህ የድረ ገጽ አድራሻ መነሻ የሆነውን ሦስት ደብሊው መጥራት 9 ቀለም ይፈጃል። ሦስቱ ፊደላት የቆሙላቸው ቃላት፣ ወርልድ ዋይድ ዌብ፣ ሲጠሩ ግን 3 ቀለም ብቻ ናቸው። ምህጻሩ ከሙሉው ሦስት እጥፍ ይረዝማል።

◆ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ካሉት የእንግሊዝኛ ቁጥሮች ሁለት ቀለም ያለው ሰባት ብቻ ነው፤ ሴ–ቨን። የቀሩት ስምንቱ ሁሉ ባለ አንድ ቀለም ናቸው።

◆ ሪዝም (ምት) የሚለው ቃል ሁለት ቀለም አለው፤ በሁለተኛው ውስጥ ግን አንድም አናባቢ ፊደል አልተጻፈም። ኤም ራሷ የአናባቢን ቦታ ይዛ ቀለሙን ትሸከማለች። በተን (ቁልፍ) እና ሊትል (ትንሽ) በሚሉት ቃላት መጨረሻ ኤን እና ኤል የሚሠሩትም ይህንኑ ሥራ ነው።

◆ ፋየር (እሳት) እና አወር (ሰዓት) አንድ ቀለም ናቸው ወይስ ሁለት? በእንግሊዝኛ አፍ የፈቱ ሰዎችም በዚህ አይስማሙም። እንደ አካባቢውና እንደ ንግግሩ ፍጥነት ሁለቱም ትክክል ነው።

◆ በትልልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከገቡት ቃላት ረጅሙ 45 ፊደላትና 19 ቀለም ያለው የሳንባ በሽታ ስም ነው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1935 የፈጠሩት ሐኪም አልነበሩም፤ በአሜሪካ የቃላት እንቆቅልሽ ወዳጆች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት ኤቨረት ስሚዝ ናቸው። በየቀለሙ ለከፈለው ሰው እሱም ይነበባል፤ ኒው–ሞ–ኖ–አል–ትራ–ማይክ–ሮ… እያሉ መቀጠል ነው።

የእኛ ፊደል፣ የእነሱ ፊደል

◆ ከ33ቱ የአማርኛ ሆሄያት እያንዳንዱ ሰባት ቤት ስላለው በገበታው ላይ 231 ፊደላት ይሰለፋሉ። ከሳድሱ በስተቀር እያንዳንዱ ፊደል ተነባቢውን ከነአናባቢው ይዞ ስለሚመጣ፣ አማርኛ ያነበበ ልጅ ሳያውቀው ቀለም ያነባል። እንግሊዝኛ ግን ተነባቢውንና አናባቢውን ለያይቶ ስለሚጽፍ፣ ቀለሙን መልሶ የመገጣጠሙ ሥራ የአንባቢው ነው።

◆ ዓለም አቀፍ የጽሕፈት ጥናት የእኛን ዓይነት ፊደል የሚጠራበት ስም ከእኛው የተወሰደ ነው። አሜሪካዊው ምሁር ፒተር ዳንኤልስ እ.ኤ.አ. በ1990 የሕንድን ፊደላት ጭምር ለሚያቅፈው ወገን አቡጊዳ የሚለውን ስም ሰጡት። ዛሬ ቃሉ በየአገሩ የቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል።

◆ የእንግሊዝኛ ቀለም እስከ ሦስት ተነባቢ ደርድሮ መጀመር ይችላል፤ ስትሪት (መንገድ)፣ ስፕሪንግ (ጸደይ)፣ ስክሪን (የቴሌቪዥን መስኮት)። ሦስት ሲሆኑ የመጀመሪያው ሁልጊዜ የኤስ ድምፅ ነው። መጨረሻው ላይ ደግሞ እስከ አራት ይደርሳሉ፤ ቴክስትስ (ጽሑፎች) ሲባል ከአናባቢው በኋላ ክ፣ ስ፣ ት፣ ስ ይከታተላሉ።

◆ አማርኛ በቃል መነሻ ላይ የተነባቢ ድርድር ስለማይወድ ስፖርትን እስፖርት፣ ስታዲየምን እስታዲየም እንላለን። ስፔናውያንም ያንኑ ያደርጋሉ፤ አገራቸውን የሚጠሩት እስፓኛ ብለው ነው። ጃፓኖች ደግሞ በየተነባቢው መሃል አናባቢ ያስገባሉ፤ የቤዝቦሉ ስትራይክ በእነሱ አፍ ሱ–ቶ–ራ–ይ–ኩ ሆኖ ከአንድ ወደ አምስት ምት ያድጋል። እኛ የምንጨምራትን እ ለማረም የኤስን ድምፅ አስረዝሞ መለማመድ ይጠቅማል፤ ስስስስ ብለው ሳያቋርጡ ፖርት ውስጥ ይግቡ። እ የምትገባበት ቀዳዳ አይኖርም።

◆ አማርኛ ጥብቀትን ይናገራል እንጂ አይጽፍም፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ይጽፋል እንጂ አይናገርም። ገና ላልቶ ሲነበብና ጠብቆ ሲነበብ ትርጉሙ ይለያያል፤ ጽሑፉ ግን አንድ ነው። እንግሊዝኛ ዲነር (እራት) ሲል ሁለት ኤን ይጽፋል፤ ኤኗን ግን ማጥበቅ ስሕተት ነው። ድርቧ ፊደል የተጻፈችው ከፊቷ ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ለመንገር ነው።

◆ ጥብቀት በእንግሊዝኛ በእርግጥ የሚሰማው ሁለት ቃላት ወይም ቅጥያዎች በተጋጠሙበት ስፍራ ነው። ቡክኪፐር (የሒሳብ መዝገብ ያዥ) ቡክ እና ኪፐር ስለተጋጠሙበት ኬው ጠበቅ ይላል። ይህ ቃል ሦስት ጥንድ ፊደላት በተከታታይ የሚገኙበት ነው፤ ሁለት ኦ፣ ሁለት ኬ፣ ሁለት ኢ።

◆ እ.ኤ.አ. በ2019 በ17 ቋንቋዎች ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ጃፓንኛ ያሉት የተለያዩ ቀለሞች 640 ገደማ ሲሆኑ የእንግሊዝኛ ወደ 7,000 ይጠጋሉ። ጃፓንኛ ጥቂት ቀለሞችን በፍጥነት ይደጋግማል፤ እንግሊዝኛ በየቀለሙ ብዙ አጭቆ ረጋ ይላል። በመጨረሻ ሁሉም ቋንቋዎች በሰከንድ የሚያስተላልፉት መረጃ ተቀራራቢ ነው፤ 39 ቢት ገደማ።

◆ ቀለም መቁጠር ለእኛ አዲስ ሙያ አይደለም። በአማርኛ ሥነ ግጥም የወል ቤት የሚባለው ስንኝ 12 ቀለም አለው፤ 6 ሆኖ ያርፋል፣ ቀሪውን 6 ይጨርሳል። ፊደል ያልቆጠሩ አልቃሾችና አዝማሪዎች ይህን ልክ ሳይስቱ ሲገጥሙ ኖረዋል። ጆሮው አለን፤ ወደ እንግሊዝኛው ማዞር ብቻ ነው የሚቀረን።

መክፈያው የት ነው?

◆ የእንግሊዝኛ ንባብ መምህራን ቀለሞችን በስድስት ይመድባሉ። ዝግ ቀለም በተነባቢ ያልቃል፤ አናባቢውም አጭር ነው (ካት)። ክፍት ቀለም በአናባቢ ያልቃል፤ አናባቢውም ረጅም ነው (ጎ)። ሦስተኛው ድምፅ የሌላት ኢ መጨረሻው ላይ ያለችበት ነው (ሜክ)። አራተኛው ሁለት አናባቢ ፊደላት ተጣምረው የሚጠሩበት (ሬይን)፣ አምስተኛው አናባቢውን አር የምትገዛው (ካር)፣ ስድስተኛው ተነባቢ፣ ኤል እና ኢ ተከታትለው የሚጨርሱት ነው (ቴብል)። ይህ አከፋፈል ንባብ ለሚቸግራቸው ልጆች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሳሙኤል ኦርተንና በአና ጊሊንግሃም ሥራ ከተጀመረው የማስተማሪያ ዘዴ ጋር አብሮ ይሰጣል።

◆ በሁለት አናባቢዎች መካከል ሁለት ተነባቢዎች ሲገጥሙዎት ብዙ ጊዜ በመሃላቸው ይክፈሉ፤ ናፕ–ኪን፣ ራብ–ቢት (ጥንቸል)።

◆ አንድ ተነባቢ ብቻ ከሆነ ሁለት ዕድል አለ። ታይ–ገር (ነብር) ከተነባቢው በፊት ይከፈላል፤ ካም–ል (ግመል) ከተነባቢው በኋላ። መምህራን የሚመክሩት መጀመሪያ ክፍቱን መሞከር ነው፤ የሚያውቁት ቃል ካልወጣ ወደ ዝጉ ይሂዱ።

◆ ቴብል (ጠረጴዛ)፣ ሊትል እና እነሱን የመሰለ ቃል ሲገጥምዎት ከመጨረሻው ሦስት ፊደላት ወደኋላ ቆጥረው ይክፈሉ። ከመክፈያው በፊት የቀረው በአናባቢ ካለቀ ረጅም፣ በተነባቢ ካለቀ አጭር ይነበባል።

◆ ዳይነር (ተመጋቢ) በአንድ ኤን፣ ዲነር በሁለት ኤን ይጻፋሉ። ሆፒንግ ሲባልም በአንድ ፒ የተጻፈው ተስፋ ማድረግ ነው፤ ኦው ረዘም ይላል። በሁለት ፒ የተጻፈው በአንድ እግር መዝለል ነው፤ አናባቢውም አጭር ነው። ቀለሙ ክፍት ነው ወይስ ዝግ ብሎ የጠየቀ ሰው በእነዚህ አይሳሳትም።

◆ ቃሉ ቅጥያ ወይም ሁለት ሙሉ ቃላት ከያዘ ከሁሉም በፊት በዚያ ይክፈሉ፤ ሰን–ፍላወር (ሱፍ አበባ)፣ አን–ሄልፕ–ፉል (የማይረዳ)። ከስር ቃሉ ጋር የተዋወቀ ሰው ፊደሉን ለማስታወስ አይቸገርም።

ጫናው የሚያርፍበት ቀለም

◆ በእንግሊዝኛ ባለ ብዙ ቀለም ቃል ውስጥ አንዱ ቀለም ከሌሎቹ ይበልጥ ይጎላል፤ ይረዝማልም። ጫናው ሲዛወር መክፈያውም ሊዛወር ይችላል። ሬክ–ኦርድ በመጀመሪያው ላይ ሲጎላ መዝገብ ነው፤ ሪ–ኮርድ በሁለተኛው ላይ ሲጎላ መመዝገብ። አጻጻፉ ግን አንድ ፊደል አይለወጥም።

◆ ፎቶግራፍ ጫናው በመጀመሪያው ቀለም ላይ ነው። ሙያው ሲጠራ ግን ፈ–ቶ–ግራ–ፊ ሆኖ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፤ ቅጽሉ ፎ–ተ–ግራ–ፊክ ሲሆን ወደ ሦስተኛው። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉንም በአንድ ልክ ሲጠራ አድማጩ የሚቸገረው በዚህ ነው።

◆ ሽን ተብሎ በሚነበበው መድረሻ የሚያልቁ ቃላት ጫናቸው ከመድረሻው በፊት ባለው ቀለም ላይ ያርፋል፤ ኢን–ፎር–ሜ–ሽን ሲባል ሜ ትጎላለች። ኢክ ተብለው የሚያልቁትም አብዛኞቹ እንዲሁ ናቸው።

◆ በእንግሊዝኛ ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው አናባቢ ሽዋ የሚባለው ደካማ ድምፅ ነው። ጫና በሌለው ቀለም ውስጥ ይኖራል፤ የራሱ ፊደል ግን የለውም። አባውት ሲጻፍ በኤ፣ ቴክን ሲጻፍ በኢ፣ ፔንስል ሲጻፍ በአይ፣ ሌመን ሲጻፍ በኦ፣ ሰርከስ ሲጻፍ በዩ ይወከላል። የአጻጻፍ ስሕተት የሚበዛውም እዚህ ነው።

◆ ሽዋ የደበቀውን ፊደል ለማውጣት የቃሉን ዘመድ ይጥሩ። ዴፊኒት (የተረጋገጠ) በሚለው ቃል ሦስተኛ ቀለም ላይ ኤ ይሁን አይ ከተጠራጠሩ ዴፊኒሽን ይበሉ፤ ጫናው እዚያው ላይ ያርፍና አይ መሆኑ ይሰማል። ግራመር መጨረሻው ኤ ወይስ ኢ? ግራማቲካል ሲሉ ኤ ራሷ ትመሰክራለች።

◆ ቢጊን (መጀመር) ቅጥያ ሲጨመርበት ኤን ትደረባለች፤ ኦፕን (መክፈት) ግን አትደረብም። ምክንያቱ የቢጊን ጫና በመጨረሻው ቀለም፣ የኦፕን ደግሞ በመጀመሪያው ላይ መሆኑ ነው። ብሪታንያውያን ትራቭል (መጓዝ) በሚለው ላይ ሕጉን ትተው ኤልን ይደርባሉ፤ አሜሪካውያን አይደርቡም።

የተጻፉ ግን የማይሰሙ ቀለሞች

◆ ቸኮሌት በጽሑፍ ሦስት ቀለም ይመስላል፤ በንግግር ሁለት ነው፤ ቾክ–ለት። ቬጅ–ተ–በል (አትክልት) በጽሑፍ አራት፣ በንግግር ሦስት። ዌንዝዴይ (ረቡዕ) ደግሞ የማይሰማ ዲ ይዟል፤ በጥንት ጊዜ ለዎደን ጣዖት የተሰየመ ቀን ስለነበር የስሙ ዲ በጽሑፍ ቀረ። ልጆች ሲጽፉ በልባቸው ዌድ–ኔስ–ዴይ እያሉ ቢከፍሉት አይሳሳቱም።

◆ ያለፈ ጊዜን የሚያመለክቱት ኢ እና ዲ አዲስ ቀለም የሚጨምሩት ግሡ በት ወይም በድ ድምፅ ካለቀ ብቻ ነው፤ ዎንት–ድ (ፈለገ)፣ ኒድ–ድ (አስፈለገው) ሁለት ሁለት ቀለም ናቸው። ዎክት (ተራመደ) እና ፕሌይድ (ተጫወተ) ግን አንድ አንድ። ብዙዎቻችን ዎ–ክድ እያልን አንድ ቀለም በከንቱ እንጨምራለን። ኔ–ክድ (ራቁት) እና ዊ–ክድ (ክፉ) የመሳሰሉት ቅጽሎች ከሕጉ ውጪ ናቸው፤ ሁለት ቀለማቸውን እንደያዙ ቀርተዋል።

◆ የብዙ ቁጥር ኤስም ሕግ አላት። ቃሉ በስ፣ ዝ፣ ሽ፣ ዥ፣ ች ወይም ጅ ድምፅ ሲያልቅ አዲስ ቀለም ይፈጠራል፤ በስ–ስዝ (አውቶቡሶች)፣ ዎች–ስዝ (የእጅ ሰዓቶች)። በሌላው ሁሉ አይፈጠርም።

◆ በእንግሊዝ እግር ኳስ ሌስተር ሲቲ ብለን የምንጠራው ቡድን የከተማው ስም በጽሑፍ ሦስት ቀለም ይመስላል፤ በአፍ ሁለት ነው። በዚህ ረገድ የስፖርት ጋዜጠኞቻችን በጆሮ ስለተማሩት በትክክል ይጠሩታል። ዉስተር እና ግሎስተር የሚባሉት የእንግሊዝ ከተሞችም ያው ናቸው።

◆ አሉሚኒየም በብሪታንያ አምስት ቀለም፣ በአሜሪካ አራት ነው። አሜሪካውያን ከመጨረሻው ቀለም በፊት ያለችውን አይ በአነጋገርም በአጻጻፍም ጥለዋታል።

◆ ኔም (ስም) እና መሰሎቹ ዛሬ ድምፅ የሌላት የመጨረሻ ኢ አለቻቸው። ገጣሚው ቾሰር በኖረበት በ14ኛው መቶ ዘመን ይህች ኢ ትሰማ ስለነበር ቃሉ ሁለት ቀለም ነበረው። ድምፁ ጠፍቶ ፊደሉ ቀረ፤ ቀሪው ፊደልም አናባቢው ረጅም መሆኑን የመንገር ሥራ ያዘ።

በመጽሐፍና በኮምፒዩተር

◆ አሜሪካዊው የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ኖኅ ዌብስተር እ.ኤ.አ. በ1783 ባሳተመው የፊደል መማሪያ የአከፋፈሉን ሥርዓት ቀየረ። ከእሱ በፊት የተስፋፋው የቶማስ ዲልዎርዝ መጽሐፍ ኔሽንን (ሕዝብ) በሦስት ይከፍል ነበር፤ ዌብስተር እንደሚሰማው ሁለት አደረገው፤ ኔ–ሽን። ቢ–ሾፕ (ጳጳስ) ይባል የነበረውንም ቢሽ–ኦፕ ብሎ ከፈለው፤ ልጁ ቁራጩን ብቻ አይቶ አናባቢው አጭር መሆኑን እንዲያውቅ። መጽሐፉ በአሥር ሚሊዮኖች ተሸጧል።

◆ በሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት ዋና ቃላት ውስጥ የሚታዩት ነጥቦች ቃሉ በመስመር መጨረሻ የት እንደሚቆረጥ እንጂ እንዴት እንደሚነገር አያሳዩም። አባውት በአፍ ሁለት ቀለም ነው፤ ኤ ብቻዋን በመስመር ጫፍ እንዳትቀር ግን በነጥብ አይከፈልም። አጠራሩን የሚፈልጉ ከሆነ ከዋናው ቃል ቀጥሎ ያለውን የድምፅ ጽሑፍ ይመልከቱ።

◆ ኖሌጅ (ዕውቀት) የሚለውን ቃል የብሪታንያ ልማድ ከስር ቃሉ ከኖው (ማወቅ) በኋላ ይቆርጠዋል። አሜሪካውያን ግን እንደ አጠራሩ ከኤል በኋላ ይቆርጡታል። በብራና መጻሕፍታችን ደግሞ ቃል በመስመር መጨረሻ ላይ ያለ ምንም ምልክት በፊደልና በፊደል መካከል ይቆረጥ ነበር።

◆ ኮምፒዩተር የእንግሊዝኛን ቃል በመስመር መጨረሻ እንዲቆርጥ ያስቻለው ታዋቂ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1983 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በፍራንክ ሊያንግ የዶክትሬት ሥራ ተቀመረ። 4,447 የፊደል ቅንጅቶችና 14 ልዩ ቃላት ብቻ በቂ ሆኑ፤ በኪስ መዝገበ ቃላት ከተመለከቱት መክፈያዎች 89 ከመቶውን ያገኛል፤ ስሕተትም የለውም ማለት ይቻላል። የጥናቱ ርዕስ ራሱ በሰረዝ ተከፋፍሎ ነው የተጻፈው።

◆ የጽሑፍ ክብደት በቀለም ይለካል። በቪየና የተወለዱት ሩዶልፍ ፍሌሽ እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጡት ቀመር ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስንት ቃል፣ በአንድ ቃል ስንት ቀለም። ቀመሩ በ1975 ተሻሽሎ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የመመሪያ መጻሕፍት ዋለ።

◆ የአሜሪካ ብሔራዊ የፊደል ውድድር እ.ኤ.አ. በ1925 ሲጀመር ከኬንተኪ ግዛት የመጣው ፍራንክ ኑሃውዘር ያሸነፈው ግላ–ዲ–ኦ–ለስ የሚለውን የአበባ ስም በትክክል ፊደል በፊደል ጠርቶ ነው። ቃሉ አራት ቀለም አለው፤ የመጨረሻው ሽዋ ነው።

◆ እ.ኤ.አ. በ1974 ተመራማሪዋ ኢዛቤል ሊበርማንና ባልደረቦቿ ትንንሽ ልጆች በእንጨት እየመቱ የቃልን ክፍሎች እንዲቆጥሩ አደረጉ። ከአራት ዓመት ልጆች ግማሽ ያህሉ ቀለም መቁጠር ቻሉ፤ ነጠላ ድምፆችን መቁጠር የቻለ ግን አንድም አልነበረም። አንደኛ ክፍልን ሲጨርሱ 90 ከመቶው ቀለምን፣ 70 ከመቶው ነጠላ ድምፅን ቆጠሩ። የልጅ ጆሮ መጀመሪያ የሚይዘው ቀለምን ነው።

ስለዚህ ልጅዎ አዲስ የእንግሊዝኛ ቃል ይዞ ሲመጣ ፊደሉን አስቀድመው አያስሸምድዱት። ቃሉን ያሰሙት፤ ቀለሙን በጭብጨባ ያስቆጥሩት፤ የትኛው ቀለም እንደጎላ ይጠይቁት፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ቀለም በተራ ያስጽፉት። በአማርኛ ፊደል የተማረ ልጅ ይህን ለመልመድ ማንም አይቀድመውም።